ውርጭ በጠራራ ፀሐይ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ በጥቅምት ማለዳ የሚታይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ጥላ ውስጥ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 2 ወይም 3 ዲግሪ ያነባል። ከሥሩ ያለው ሣር ግን በአመዳይ ነጥቷል፣ የገብሱም ቅጠል ደርቆ ሲነኩት ይሰበራል። ውሃ በ3 ዲግሪ አይረጋምና ቅጠሉ ከከበበው አየር ይበልጥ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ከአየሩ ይበልጥ የቀዘቀዘ ነገር ደግሞ ቅዝቃዜውን ከአየሩ ተቀበለ ሊባል አይችልም። ታዲያ ከየት አመጣው?

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ያገራችን ሰው የመልሱን ግማሽ ያውቀዋል። ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ብራ ሲሆን ነው፤ ደመና ካደረ አይጥልም፤ ንፋስ ከነፈሰም ሰብሉ ይተርፋል፤ ከተረተሩ ይልቅ ረባዳውን ሜዳ ይመታል። የቀረው ግማሽ የፎቶኒክስ፣ ብርሃንን የመግራት ሳይንስ፣ ጉዳይ ነው። ፎቶኒክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የኢንተርኔት ፋይበርና በብርሃን የሚሠራ ቺፕ ነው። ብርሃንን ከሚገሩ አዳዲስ ቁሳቁሶች ሁሉ ለሰሜን ሸዋ የሚቀርበው ግን በእኔ ግምት ይኸኛው ነው፦ ውርጭ በሌሊት የሚሠራውን ሥራ በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሽፋን።

ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ጨረር ይለቃል። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ስለሚጠጋ ከጨረሯ ግማሽ የሚጠጋውን ዓይናችን ያየዋል። ቅጠል፣ ጣሪያና የሰው ፊት የሚለቁት ግን የሞገድ ርዝመቱ 10 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይን አያየውም። (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው።) በ27 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ገጽ 459 ዋት ይለቃል፤ 0 ዲግሪ ላይ እንኳ 316 ዋት። ይህን ያህል እየለቀቀ የማይረጋው በዙሪያው ያለው ግድግዳ፣ ዛፍና መሬት ተቀራራቢውን መልሶ ስለሚሰጠው ነው። ሰማይ ብቻ ሙሉ ብድሩን አይመልስም። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ይይዙታል፤ ከ8 እስከ 13 ማይክሮን ያለውን ግን ሰማዩ ጥርት ካለ ያሳልፉታል። በዚያ መስኮት ያመለጠ ሙቀት ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ወደሆነው ህዋ ሄዶ ይቀራል። በደረቅ ብራ ሌሊት አንድ ካሬ ሜትር ገጽ በዚህ መንገድ የሚከስረው የተጣራ ሙቀት ወደ 100 ዋት ነው።

ደጋ ይህ መስኮት ከሁሉ ይበልጥ የሚከፈትበት ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ከከባቢ አየሩ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከሥሯ ቀርቷል፤ ከእንፋሎቱ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፣ እንፋሎት ወደ ታች ይከማቻልና። ንፋስ ለምን ሰብል እንደሚያተርፍም በቁጥር ይታያል። ጸጥ ባለ ሌሊት ከአየሩ በ1 ዲግሪ የቀዘቀዘ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ ከአየሩ መልሶ የሚያገኘው ከ10 ዋት አይበልጥም፤ ንፋስ ሲነፍስ 20 እና 25 ዋት ያገኛል። ስለዚህ በጸጥታ 8 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችል የነበረው ቅጠል በንፋስ 4 ላይ ይቆማል።

መስኮቱን በዓይን ማየት ባይቻልም መለካት ይቻላል። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ቴርሞሜትር የሚያነበው ይህንኑ ከ8 እስከ 14 ማይክሮን ያለውን ጨረር ነው። እሱ ግን ለሰው ገላ ብቻ ስለተሠራ ወደ ሰማይ ቢያዞሩት ቁጥር አይሰጥም፤ «ዝቅተኛ» ብሎ ይቀራል። የመካኒኮቹ፣ ከዜሮ በታች 50 ድረስ የሚያነበው፣ ያስፈልጋል። እሱን በብራ ምሽት ወደ አናት ቀጥ አድርጎ መተኮስ፣ ቀጥሎ ወደ አድማስ፣ ቀጥሎ ወደ ደመና። አናቱ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይወርዳል፤ ወደ አድማስ ዝቅ ባሉ ቁጥር ጨረሩ ወፍራም አየር ስለሚያቋርጥ ንባቡ ይሞቃል፤ ደመናው ከአየሩ ብዙም አይርቅም። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ላይ ሲተኩሱት ግን ይዋሻል፤ ቆርቆሮው የራሱን ጨረር በጥቂቱ ስለሚለቅና የሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ነው። ቆርቆሮ ለመለካት ቁራጭ ፕላስተር ለጥፎ ፕላስተሩን ማንበብ ነው።

ወደ ቀኑ ከመሻገሬ በፊት ከዚሁ ተነስቶ ሁለት ነገር መባል አለበት። ውርጭን ለመከላከል ማሳ ዳር ማጨስ የተለመደ ነው። የጭስ ቅንጣት በአብዛኛው ከ1 ማይክሮን ያንሳል፤ የፀሐይን ብርሃን ይበትናል እንጂ 10 ማይክሮን የሆነውን ጨረር ሳይነካው ያልፈዋል። ጉምና ደመና የሚያድኑት ጠብታቸው ትልቅ ስለሆነ ነው። እሳቱ የሚጠቅም ከሆነ በሚያንቀሳቅሰው ሙቅ አየር ነው፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ከመቆስቆስ ብዙ ትናንሽ መበተን ይሻላል፤ ጠዋት የሚቀረው ጭስ ደግሞ ፀሐይዋን ስለሚከልል ማሳው ቶሎ እንዳይሞቅ ያደርጋል። ሁለተኛው የላስቲክ ቤት ነው። ተራው ላስቲክ ፖሊኢቲሊን ነው፤ ፖሊኢቲሊን ለዚህ ጨረር ክፍት በር ስለሆነ በብራ ሌሊት የላስቲክ ቤቱ ውስጥ ከውጭ ብሶ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለ፤ ላስቲኩ ሙቀቱን እያስወጣ ከውጭው ንፋስ ብቻ ይጋርደዋል። መስተዋት እንዲህ አያደርግም። ላስቲክ የሚገዛ ሰው ኢንፍራሬድ የሚይዝ ማዕድን ወይም ሌላ ቅመም የተጨመረበት መሆኑን ቢጠይቅ ገንዘቡ አይባክንም። ውስጡ ላይ ጤዛ ሲያዝልም ውሃው ራሱ መስኮቱን በከፊል ይዘጋል።

አሁን ቀን። ጣሪያም ሰማዩን ያያል፤ በቀንም መስኮቱ ክፍት ነው፤ 100 ዋቱም ይሄዳል። ችግሩ ከላይ 1,000 ዋት ፀሐይ መውረዱ ነው። ሒሳቡ ምሕረት የለውም፤ አንድ ሽፋን ከፀሐዩ 10 በመቶ ብቻ ቢውጥ የሚያገኘው 100 ዋት የሚለቀውን 100 ዋት ያጠፋዋል። በቀትር ከአየሩ በታች ለመቀዝቀዝ ከ95 በመቶ በላይ ፀሐይ መመለስና በዚያው ቅጽበት በ8 እና 13 ማይክሮን መካከል እንደ ከሰል ጥቁር መሆን ያስፈልጋል። ለአንዱ ብርሃን ነጭ፣ ለሌላው ጥቁር። የተወለወለ የብር ገጽ የመጀመሪያውን ይችላል፣ ሁለተኛውን አይችልም። ጥላሸት በተገላቢጦሽ።

ይህን መጀመሪያ ያሟላው እ.ኤ.አ. በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ንጣፍ ነው። በብር በተለበጠ ገጽ ላይ 7 ስስ ንጣፎች፣ ሃፍኒየም ኦክሳይድና ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) እየተፈራረቁ፣ ሁሉም ተደምረው 2 ማይክሮን የማይሞሉ። 97 በመቶ ፀሐይ መለሰ፤ በቀጥተኛ ፀሐይ ሥር ከአየሩ በ4.9 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ታየ። ይህን መሰል ንጣፍ በቫክዩም ውስጥ እየተነነ የሚለበጥ ስለሆነ ለጣሪያ ብሎ ማሰብ ያስቃል። ግን በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት ወደ ላስቲክ አወረዱት፤ 50 ማይክሮን ውፍረት ባለው ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ 8 ማይክሮን ስፋት ያላቸው የሲሊካ ድቡልቡሎች በይዘት 6 በመቶ ያህል በትነው፣ ከኋላው ብር ለብጠው፣ እንደ ጥቅል ወረቀት የሚጠቀለል ፊልም አወጡ። በቀትር የማቀዝቀዝ አቅሙ 93 ዋት በካሬ ሜትር።

ለምን ሲሊካ? በሲሊከንና በኦክስጅን መካከል ያለው ትስስር የሚንቀጠቀጠው 9 ማይክሮን አካባቢ፣ ማለትም ልክ በመስኮቱ መካከል ስለሆነ ነው። ለሚታየው ብርሃን ደግሞ ግልጽ ነው። ለምን 8 ማይክሮን? ጠፍጣፋ የሲሊካ ገጽ በዚያው 9 ማይክሮን ላይ እንደ መስታወት ማንጸባረቅ ስለሚጀምር ልቀቱ ይጎድላል፤ ድቡልቡሉ ከሞገዱ ጋር ሲመጣጠን ጉድለቱ ይሞላል።

እዚህ ላይ መንዝን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ከመዘዞ አካባቢ ለዓለም ገበያ የወጣው ቡናማና ብርቱካንማ ኦፓልም ሲሊካ ነው። ኦፓል ውስጥ የሚጫወተው ቀለም ከማቅለሚያ የመጣ አይደለም፤ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ብርሃንን እየመረጡ ይመልሳሉ። እንክብሎቹ 0.2 ማይክሮን አካባቢ ሲሆኑ ሰማያዊ፣ ወደ 0.3 ሲጠጉ ቀይ። ስለዚህ ያው አሸዋ፣ በ0.2 ማይክሮን ጌጥ፣ በ8 ማይክሮን ማቀዝቀዣ። የመዘዞ ድንጋይ ከነጋዴ ጋር ያጣላው ከወጣ በኋላ መሰንጠቁ ነው፤ በውስጡ ያለው ውሃ ሲወጣ አካሉ ይኮማተራል። ከወሎ የሚመጣው ብዙው ኦፓል ደግሞ ቀዳዳ ስላለው ውሃ ውስጥ ሲነከር ግልጽ እየሆነ ይሄዳል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን ሁለተኛውን ልብ በሉት፤ የነጭ ቀለም ምስጢር ሁሉ እሱ ነው።

ኖራ የቀባ ሰው ያውቀዋል። ሲቀባ ግድግዳው ግራጫና ዓይነ ውሃው ደከም ያለ ነው፤ «አልያዘም» ተብሎ እንደገና የሚደረብበት ጊዜ አለ። ሲደርቅ ድንገት ይነጣል። የተለወጠው በዱቄቱ መካከል ያለው ብቻ ነው፤ ውሃ የነበረበትን አየር ተካው። ብርሃን የሚበተነው ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር፣ ሁለቱ ብርሃንን የማጠፍ አቅማቸው በተራራቀ መጠን ነው። ኖራ (ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ በኋላ) 1.6 ያህል፣ ውሃ 1.33፣ የቀለም ማጣበቂያ 1.5፣ አየር 1። ኖራ በዘይት ቀለም ውስጥ ሲገባ ቀለሙን የማያነጣው 1.6 እና 1.5 ስለሚቀራረቡ ነው። በአየር መካከል ግን ወተት ይሆናል።

አዲሶቹ ሽፋኖች ይህን ወደ ጥግ የወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንድ የፍሎሪን ፕላስቲክ፣ አሴቶንና ውሃ በክብደት 1 ለ8 ለ1 ቀላቀሉ። ሲቀባ አሴቶኑ ቀድሞ ይተናል፤ ፕላስቲኩ ከውሃው ተለይቶ በጠብታዎቹ ዙሪያ ይረጋል፤ ውሃውም ሲሄድ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ማቅለሚያ የሌለው ነጭ። ውሃው ከመጠኑ ካለፈ ፕላስቲኩ ባልዲው ውስጥ ይረጋል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ተራ ነጭ ቀለም በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚነጣ ነው፤ እሱ ግን አልትራቫዮሌቱን ይውጠዋል፤ ከፀሐዩ ጥቂት በመቶ የሚሆነው እዚያ ያልቃል። እነሱ ማዕድኑን ለወጡት፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በካልሲየም ካርቦኔት 95.5 በመቶ፣ በ2021 በባሪየም ሰልፌት 98.1 በመቶ ፀሐይ መለሱ። ሁለት ዘዴ ጨመሩ፤ ዱቄቱን ከደረቀው ቀለም 60 በመቶ እስኪሆን አበዙት፣ የቅንጣቱንም መጠን አንድ ዓይነት ሳይሆን ደባልቀው አደረጉት፤ ትናንሹ አጭሩን ሞገድ፣ ትልልቁ ረጅሙን ይበትናል። ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከተለመደ ቀለም ብዙ እጥፍ። 60 በመቶ ዱቄት ያለው ቀለም ማጣበቂያው ስለሚያንሰው ሲታሽ ይለቃል፤ ማስታወቂያው ላይ ይህ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከሆንግ ኮንግ 99.6 በመቶ የሚመልስ የአሉሚና ሴራሚክ መጣ፣ እሳት የማይፈራ። ካልሲየም ካርቦኔቱን በተመለከተ የጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ፣ ለሚ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያስተከለው፣ ያው ማዕድን ነው። ድንጋዩ አለ፤ የጎደለው ነጩን ከቆሻሻው የመለየትና ከማይክሮን በታች የመፍጨት ሥራ ነው። ትንሽ የብረት ዝገት ያለበት ድንጋይ 95 በመቶን አይቀምስም።

መሞከር ለሚፈልግ የፊዚክስ መምህር ወይም ተማሪ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። 20 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአልሙኒየም ዝርግ፤ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም፤ የአልሙኒየም ፎይል፤ የማያብለጨልጭ የውሃ ነጭ ቀለም፤ ስስ ግልጽ ፌስታል፤ ሽቦ ያላቸው ሁለት ቴርሞሜትሮች። ፎሙን ዝርጉ በልኩ የሚገባበት አድርጎ መቦርቦር፤ የዝርጉ ፊት ከፎሙ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ጠለቅ ይበል። ዝርጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በሳሙና አጥቦ፣ 4 ጊዜ ቀለም መቀባት፤ በየመሐሉ ይድረቅ። የአንዱ ቴርሞሜትር ጫፍ ከዝርጉ ጀርባ በፕላስተር ይያዝ። ፎሙ ውጩ በሙሉ በፎይል ይሸፈን፤ አለበለዚያ በቀን ራሱ ይሞቃል። አፉ በፌስታሉ ተወጥሮ ይዘጋ። ውስጡ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ማስገባት ነው (ያም ሲሊካ ነው)፤ ካልገባ ዝርጉ ላይ ጤዛ ይወርድና እንፋሎቱ ውሃ ሲሆን የሚለቀው ሙቀት ንባቡን ያነሳዋል።

ላስቲኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መስተዋት አይሆንም። እንደ ጠረጴዛ ልብስ የሚሸጠው ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክም አይሆንም፤ እሱ ፒቪሲ ነው፣ መስኮቱን ይዘጋል። ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሸው ስስ ፌስታል ነው የሚፈለገው። ለማረጋገጥ ያንኑ የመካኒክ ቴርሞሜትር ይዞ ትኩስ ማንቆርቆሪያን በላስቲኩ በኩል ማንበብ፤ ንባቡ ብዙ ካልወረደ ላስቲኩ ትክክል ነው።

በሌሊት መጀመር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ፣ እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ድረስ። ሁለተኛው ቴርሞሜትር አየሩን የሚለካ ስለሆነ እሱም ሰማዩን ማየት የለበትም፤ በፎይል በተሸፈነና ሁለት በኩል በተከፈተ ቱቦ ውስጥ ይሰቀል። ይህ ከተዘነጋ እሱም እንደ ቅጠሉ ይቀዘቅዝና ልዩነቱ ይጠፋል። በደጋ ብራ ሌሊት ከ5 ዲግሪ ያላነሰ ልዩነት ካልታየ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቦታው ላይ ነው፤ ግድግዳ ሥር ወይም ባሕር ዛፍ አጠገብ የተቀመጠ ሣጥን ግማሽ ሰማዩን አጥቷል። ቀጥሎ ላስቲኩ ላይ የወረደ ጤዛ፤ ውሃ ለዚህ ጨረር ግንብ ነው፤ በጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማንበብ። ዝርጉ የሚከስረው የተጣራ ሙቀት በጠቅላላ 4 ዋት፣ የስልክ ቻርጀር ያህል ብቻ ስለሆነ በፎሙ መጋጠሚያ የሚሾልክ ትንሽ ንፋስ ይበላዋል።

ከዚያ በቀትር፣ 6 ሰዓት ላይ። ተራ ነጭ ቀለም ከ80 እስከ 88 በመቶ ስለሚመልስ ከአየሩ በታች አይወርድም፤ ጥቂት ዲግሪ ከላይ ይቆማል። ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ አጠገቡ ያልተቀባ የዛገ ቆርቆሮ ቁራጭ በሌላ ፎም ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ እሱ እጅ አያስነካም።

ይህ ነው ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሰው የሚጠቅመው። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ የተከመረ ሽንኩርት ምን እንደሚሆን ቆላ የሚኖር ያውቀዋል። የዛገ ቆርቆሮ ከፀሐዩ 70 እና 80 በመቶ ይውጣል። በነጭ ቀለም ወደ 15 ማውረድ ከቀለም መደብር የሚገኝ ሥራ ነው፤ ከ15 ወደ 3 ማውረድ ፎቶኒክስ ነው። የመጋዘኑ ሙቀት ላይ የመጀመሪያው እርምጃ ከሁለተኛው በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ አዲሱን ቀለም እስኪመጣ መጠበቅ ሞኝነት ይመስለኛል። ግን ኖራ ቆርቆሮ ላይ አይቀባም። ኖራ ቆርቆሮው የተለበጠበትን ዚንክ ይበላዋል፣ ለስላሳ ገጽም አይዝለትም፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ኖራ የጭቃ፣ የድንጋይና የሲሚንቶ ነው። ለቆርቆሮ ዝገቱን በብረት ብሩሽ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ለጋልቫናይዝድ የተሠራ መነሻ ቀለም ቀብቶ፣ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ የአክሪሊክ የጣሪያ ነጭ። ቅባት ያለው አዲስ ቆርቆሮ ሳይታጠብ ከተቀባ በዓመቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። አቧራ ደግሞ ነጩን በየወሩ ይቀንሰዋል፤ በበጋ አንድ ሁለቴ ውሃ መልቀቅ ያስፈልጋል። በክረምት፣ አየሩ እንፋሎት ሲሞላና ደመና ሲያረብ፣ ከሰማይ ብዙ አይጠበቅም።

ለደጋው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሠራባት ከተማ ናት፤ ከጣርማበር ወዲህ ባናውን የሚያወልቅ የለም፤ ጣሪያ የሚያቀዘቅዝ ቀለም ማን ይፈልጋል? እዚህ ላይ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ2021 በበርክሌይ የተሠራው ሽፋን ነው። ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ቁስ 68 ዲግሪ ላይ ድንገት ጠባዩን ይለውጣል፤ ከታች ኢንፍራሬድ ያሳልፋል፣ ከላይ እንደ ብረት ይሆናል። 1.5 በመቶ ተንግስተን ሲጨመርበት መለወጫው ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል። በብር ላይ በተገቢው ውፍረት ሲነባበር ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ 90 በመቶ ይለቃል፣ ከ15 በታች ሲቀዘቅዝ 20 በመቶ ብቻ። ያለ ሽቦና ያለ ማብሪያ ማጥፊያ በቀን መስኮቱን ይከፍታል፣ በሌሊት ይዘጋል። የሚከፈልበት ዋጋ አለ፤ ከፀሐዩ ሩቡን ይውጣል፣ ስለዚህ በቀትር ከአየሩ በታች አይወርድም።

ይህ ቁስ ቀኑ የሚያቃጥል፣ ሌሊቱ የሚበርድ ወይና ደጋ ላይ ይደምቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ቢደረግ ግን ከቀትር ጥቂት ሰዓታት በቀር ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ይኖራል፤ ማለትም 20 በመቶ የሚለቅ ገጽ ሆኖ። ያልዛገ አዲስ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮም የሚለቀው ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው፣ እስኪዝግ ድረስ።